«ምስክር ወረቀት»ና «ፈቃድ»፦ ስለ መምህርነት ሥልጠና በሚተረጐሙ ጽሑፎች ውስጥ ስለሚገኙ ስያሜዎች

ሒሳብ ወይም ኬሚስትሪ አጥንቶ የመጀመሪያ ዲግሪ የተቀበለ አንድ ኢትዮጵያዊ በሚኖርበት ባዕድ አገር መምህር ለመሆን አስቦ በአማርኛ የተተረጐመ መመሪያ ይዟል እንበል። በመመሪያው ላይ፣ የከተማው ዩኒቨርሲቲ «የማስተማር ሰርተፊኬት» የሚያሰጥ ሥልጠና እንዳለውና ማመልከቻ የሚቀበልበት ጊዜ መድረሱ ተጽፏል። ይህ ሰው ወረቀቱን አጥፎ ወደ ጎን ቢያኖረው ልንወቅሰው አይገባም። በአገሩ ልማድ ሰርተፊኬት ከዲፕሎማ በታች፣ ዲፕሎማም ከዲግሪ በታች ነውና፣ ዲግሪ ከያዘ በኋላ ወደ ሰርተፊኬት የሚወርድበት ምክንያት አይታየውም። ያለፈው ዕድል ግን ለዲግሪ ባለቤቶች ብቻ የተከፈተ፣ ወደ መምህርነት ሙያ የሚያስገባ ዋና በር ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እንዲህ ያለው አለመግባባት ከምን እንደሚመነጭና ተርጓሚው በየትኞቹ ቃላት ሊያስወግደው እንደሚችል ነው።

ሰርተፊኬት የሚለው ቃል በአማርኛ የደረጃ መጠሪያ ለመሆን የበቃው በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት በኩል ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። በተለምዶ «ቲ.ቲ.አይ.» በሚባሉት በእነዚህ ተቋማት አንድ ዓመት ሠልጥነው ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰማሩት የሰርተፊኬት መምህራን ይባሉ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚያስተምሩት ሰርተፊኬት፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚያስተምሩት ዲፕሎማ፣ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ደግሞ ዲግሪ እንዲሆን መደበ። ከጊዜ በኋላ የመጀመሪያው እርከን መምህራንም ወደ ዲፕሎማ ከፍ እንዲሉ ስለ ተደረገ ይህ አመዳደብ ተለውጧል። ቃሉ ግን ያገኘውን ትርጉም አለቀቀም። እንዲያውም በዕለታዊ ንግግር «እሷ ዲፕሎማ ናት፤ እሱ ገና ሰርተፊኬት ነው» ሲባል እንሰማለን። ወረቀቱ የሰውየው ማዕርግ፣ አልፎም ሰውየው ራሱ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ያህል በሰው ላይ የተጣበቀ ቃል ከውጭ ቋንቋ ጽሑፍ ውስጥ በድምፁ ብቻ ተመርጦ ሲመለስ የኢትዮጵያውን የደረጃ መሰላል ተሸክሞ መምጣቱ አይቀርም።

«ዲፕሎማ»ም ቢሆን ከዚህ ችግር አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተጀመረው «ድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ»፣ ማለትም ብዙ ሰው በእንግሊዝኛ ፊደሎቹ «ፒ.ጂ.ዲ.ቲ.» እያለ የሚጠራው ሥልጠና፣ በአንድ የትምህርት ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ የማስተማር ሥነ ዘዴን የሚያስተምር ነው። ስያሜው «ድኅረ ምረቃ» ይልና ወዲያው «ዲፕሎማ» ብሎ ስለሚከተል ሰሚውን ግራ ያጋባል። ከዲግሪ በላይ የሚወሰድ ዲፕሎማ መኖሩን የለመደው የአማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነውና። በእኛ አስተያየት ሕዝቡ አህጽሮቱን መርጦ ሙሉውን ስያሜ የተወበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ኦይገን ቩስተር (እ.ኤ.አ. 1898–1977) ለስያሜ ጥናት መሠረት ካደረጋቸው መርሖዎች አንዱ ሥራው ከፅንሰ ሐሳቡ ተነሥቶ ወደ ቃሉ መሄድ አለበት የሚል ነው። መርሖው በእኛ ጉዳይ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት ከአሜሪካ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በዚያ አገር በመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስተማር ሥልጣን የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት እንጂ ማዕከላዊው መንግሥት አይደለም። ክፍለ ግዛቶቹም የሚሰጡትን ወረቀት በአንድ ስም አይጠሩትም። ቴክሳስ «ሰርቲፊኬት» ይለዋል፤ ቨርጂኒያ «ላይሰንስ»፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ «ክሬደንሻል»። ሦስቱም ቃላት ከላቲን የመጡ ሲሆኑ የመጀመሪያው እርግጥ ከማድረግ፣ ሁለተኛው ከመፈቀድ፣ ሦስተኛው ከማመን የወጡ ናቸው። ፅንሰ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ የተባለው ሰው በዚህ ግዛት፣ በዚህ የትምህርት ዓይነት፣ በዚህ የክፍል ደረጃ ማስተማር ይችላል የሚል የመንግሥት ውሳኔ። ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው በዳላስ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ «ሰርተፊኬት»፣ በአሌክሳንድርያ ለሚኖረው «ፈቃድ»፣ በሎስ አንጀለስ ለሚኖረው ደግሞ ምናልባት «ማስረጃ» ብሎ ይጽፍና አንዱን ነገር ሦስት ያደርገዋል።

የተገላቢጦሹ ስሕተት ከዚህ የባሰ ነው። «ሰርቲፊኬት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዩኒቨርሲቲዎች አጭር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለጨረሰ ሰው የሚሰጡትንም ወረቀት ይጠራል፤ ይህ ወረቀት በራሱ የማስተማር ሥልጣን አያስገኝም። በመሆኑም «ዩኒቨርሲቲው በትምህርት አመራር ሰርተፊኬት ይሰጣል» እና «ክፍለ ግዛቱ ሰርተፊኬት ይሰጣል» የሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በአማርኛ በአንድ ቃል ከተተረጐሙ፣ አንባቢው ገንዘቡንና አንድ ሁለት ዓመቱን ከፍሎ ወደ ክፍል የማያስገባ ወረቀት ይዞ ሊቀር ይችላል። የስያሜ ስሕተት ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱን ነገሮች ለይቶ በመሰየም ረገድ የዕብራይስጡ አሠራር ይበልጥ ግልጽ ነው። በእስራኤል ዩኒቨርሲቲው ወይም የመምህራን ኮሌጁ ሥልጠናውን ለፈጸመ ሰው የሚሰጠው «ተዑዳት ሆራአ» ይባላል። ሠልጣኙ «ስታዥ» የሚባለውን የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ ከፈጸመ በኋላ የትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው ደግሞ «ሪሽዮን ሆራአ» ነው። ሁለቱም «የማስተማር ሰርተፊኬት» ተብለው በአማርኛ ቢጻፉ፣ ከዩኒቨርሲቲው የተመረቀ ሰው ሁሉን ያገኘ ሊመስለውና ልምምዱን እንደ ትርፍ ነገር ሊያየው ይችላል።

ስለ ቃላቱ ሥር ጥቂት ማለት የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። የዕብራይስጡ «ተዑዳ» ምስክር ከሚል ሥር የወጣ ነው፤ በዐረብኛም የትምህርት ማስረጃ «ሸሃዳ»፣ ማለትም ምስክርነት፣ ይባላል። አማርኛም «ምስክር ወረቀት» ሲል በዚሁ የሴም ቋንቋዎች መንገድ መጓዙ ነው። ለእኛ ግን ቃሉ ከወረቀቱ በፊት የነበረ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ድጓ የዘለቀ ተማሪ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ «ያስመሰክራል»፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ዙር አባ ነው፤ የቅዳሴው ደብረ ዓባይ። ተማሪው በምስክሩ መምህር ፊት ዜማውን አሰምቶ፣ ታርሞ፣ «ተመስክሮለት» ይወጣል። ከዚያ በኋላ ወንበር ዘርግቶ ቢያስተምር ማንም «በማን ፈቃድ?» አይለውም። የዕውቀቱ ምስክርነትና የማስተማሩ ሥልጣን በአንድ መምህር አንደበት፣ በአንድ ቀን ተሰጥተዋልና። ዘመናዊው መንግሥት ሁለቱን ለያይቶ የመጀመሪያውን ለዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛውን ለራሱ አደረገ። አማርኛችን ግን አሁንም በአንዱ ቃል ሁለቱን ለማለት ይሞክራል። ስለዚህ «ምስክር ወረቀት» ለዩኒቨርሲቲው ወረቀት ብቻ እንዲወሰን፣ «የመምህርነት ሥልጠና ምስክር ወረቀት» ተብሎም ሙሉ ስሙን እንዲያገኝ እናቀርባለን። ሰርተፊኬት በኢትዮጵያ የደረጃ ታሪክ ውስጥ ላለው ትርጉም ይቅር።

መንግሥት ለሚሰጠው ወረቀት «ፈቃድ» ከሚለው የተሻለ ቃል አላገኘንም፤ ሆኖም ቃሉ ያለ ጠባቂ የሚለቀቅ አይደለም። በግእዝ «ፈቀደ» መውደድና መሻት ነው። በአማርኛም «የእግዚአብሔር ፈቃድ» ስንል ይኸው የጥንቱ ትርጉም አለ። የመንጃ ፈቃድና የንግድ ፈቃድ ሁለተኛውን፣ የዓመት ፈቃድና የወሊድ ፈቃድ ሦስተኛውን ትርጉም ያሳያሉ። አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ «የትምህርት ፈቃድ አገኘሁ» ቢል ከሥራ ተለይቶ ሊማር መሆኑን እንረዳለን። ስለዚህ ተርጓሚው «የትምህርት ፈቃድ» ወይም «የመምህር ፈቃድ» ብሎ ቢያሳጥር መምህሩ ዕረፍት የወጣ ሊመስል ይችላል። «የማስተማር ሙያ ፈቃድ» የሚለው ረዘም ቢልም ከዚህ ጥርጣሬ ነፃ ነው። በኢትዮጵያም መምህራንን እየመዘነ የሙያ ፈቃድ መስጠት በትምህርት ሚኒስቴር ከተጀመረ ወዲህ «የሙያ ፈቃድ» የሚለው በመምህራን ዘንድ የታወቀ ነውና አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

«ብቃት ማረጋገጫ» የሚለውን የሚመርጡ አሉ። ቃሉ መልካም ሆኖ ሳለ በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚሰጠው ምዘና ቀድሞ ወስዶታል። «ዕውቅና ያለው መምህር» የሚሉም አጋጥመውናል። ዕውቅና ለተቋም የሚሰጥ ነው፤ ለሰው ሲነገር ዝነኛነትን ያመለክታል። ዝነኛ መምህር ፈቃድ ላይኖረው ይችላል፤ ፈቃድ ካላቸውም ዝነኞቹ ጥቂት ናቸው።

የማመልከቻው ነገር ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። «አመለከተ» ጠቆመ፣ አሳየ ማለት ነው፤ ሌባ ጣት የምንላትም አመልካች ጣት ትባላለች። በፍርድ ቤት ግን አመልካች በዳኛ ፊት ጥያቄ ይዞ የቆመ ሰው ነው፤ ከፊቱም ተጠሪ አለ። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «በትሕትና አመለክታለሁ» ብሎ የሚደመድመው ደብዳቤ ከዚህኛው፣ ከአቤቱታው ወገን ይመደባል። በመሆኑም አማርኛ ተናጋሪ «ማመልከቻ ጻፍ» ሲባል ብዕሩ ወደ ልመና ይሄዳል፦ የቤተሰቡን ችግር፣ የደረሰበትን በደል፣ የሚጠብቀውን ርኅራኄ ያስቀድማል። የመምህርነት ሥልጠና የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ከአመልካቹ የሚፈልገው ግን የማስረጃ ስብስብ ነው፤ ከእነዚህም መካከል አመልካቹ ስለ ምን መምህር መሆን እንደ ፈለገ፣ ከልጆች ጋር ምን ልምድ እንዳለው፣ ምን ማስተማር እንደሚችል የሚያስረዳ ጽሑፍ ይገኛል። ይህን ጽሑፍ «የማመልከቻ ደብዳቤ» ብሎ መተርጐም አመልካቹን ወደ ተሳሳተ የአጻጻፍ ሥርዓት መምራት ነው። «የዓላማ መግለጫ» ቢባል መግለጽ የሚለው ግሥ ሥራውን ራሱ ይነግረዋል። «ማመልከቻ» የሚለው ለሚሞላው ቅጽና ለሙሉው ዶሴ ይቅር።

ከዚሁ ጋር «ማመልከት» ለማን እንደሚቀርብ ሁልጊዜ መጻፍ አለበት። በአሜሪካ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ለዩኒቨርሲቲው አንድ ጊዜ፣ ከዚያም የተወሰኑ ትምህርቶችን ወስዶ ለመምህርነት ሥልጠናው ሁለተኛ ጊዜ ያመለክታል፤ ሥልጠናውን ሲጨርስም ሦስተኛው ማመልከቻ ለክፍለ ግዛቱ ይቀርባል። እንግሊዝኛው በመስተዋድድ የሚለየውን አማርኛ በአንድ «ለ» ይጠቀልለዋል፤ «ለሰርተፊኬት አመለከተ» ሲባል ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም። ለዩኒቨርሲቲው፣ ለሥልጠናው ክፍል፣ ለክፍለ ግዛቱ ብሎ ተቀባዩን መጥቀስ ሁለት ቃል ቢጨምር ነው።

የዩኒቨርሲቲውን እሺታ «ቅበላ» ማለት በኢትዮጵያ ተቋማት የተለመደ ስለ ሆነ ብዙ አያከራክርም። ከጾም መግቢያ በፊት ሥጋ የሚበላበት ቀንም ቅበላ መባሉን አንሥተው የሚስቁ ቢኖሩ መሳቃቸው ቃሉን አይጎዳውም። «ምዝገባ» ከቅበላ በኋላ የሚመጣ ሌላ ድርጊት ነውና በቦታው መጠቀም ያሻል። በኢትዮጵያ ለተማሩ አመልካቾች ግን «የትምህርት ማስረጃ» የሚለው በደፈናው አይበቃቸውም። ለተማሪው በእጁ የሚሰጠው፣ «ስቱደንት ኮፒ» የሚባለው ቅጂና ሬጅስትራሩ አሽጎ በቀጥታ ለተቋም የሚልከው ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት የተለያዩ ናቸው፤ የውጭዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ነው። «በሬጅስትራር በቀጥታ የሚላክ የውጤት ማስረጃ» ብሎ መጻፍ ርዝመቱ ቢያስቸግርም የአመልካቹን ወራት ያድናል።

ከላይ የተባሉትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ለማሳየት፣ «ተማሪዎች ሰርተፊኬት ለማግኘት ለዩኒቨርሲቲው አመልክተው ፕሮግራሙን ሲጨርሱ ሰርተፊኬታቸውን ከስቴቱ ይወስዳሉ» የሚል ትርጉም ቢቀርብልን እንዲህ ብለን እናርመው ነበር፦ «አመልካቾች በመምህርነት ሥልጠናው ቅበላ ለማግኘት ለዩኒቨርሲቲው ያመለክታሉ፤ ሥልጠናውን ሲፈጽሙ ዩኒቨርሲቲው የሥልጠና ምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ይህንም ይዘው የማስተማር ሙያ ፈቃድ እንዲሰጣቸው ለክፍለ ግዛቱ ያመለክታሉ»። ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል፤ በመጀመሪያው ላይ ግን ሁለት ጊዜ የተጻፈው ሰርተፊኬት አንድ ወረቀት ይሁን ሁለት፣ የሚሰጠውም ማን እንደ ሆነ አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም።