ሲጋራው ያልቃል፤ ቬፑስ?

እሑድ ከሰዓት ነው እንበል። ቴክሳስ፣ ማኪኒ ከተማ፣ ከ75 አውራ ጎዳና ብዙም በማይርቅ አዲስ ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቷል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ከእንግዶቹ አንዱ ልቡ በኃይል መምታት፣ እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ይህ ሰው ሃያ ዓመት አጭሷል። አዲስ አበባ ሳለ ከሱቅ ነጠላ ሲጋራ እየገዛ የጀመረው፣ ቴክሳስ ከመጣ በኋላ በቀን አንድ ፓኮ ደርሷል። ከዐሥር ቀን በፊት ግን ሲጋራውን ትቶ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ያዘ። «ይሄ ነገር አልተስማማኝም» ይላል አጠገቡ ላለው ወዳጁ። «ልቤን እያስቸገረኝ ነው። ሲጋራው ይሻለኝ ነበር።»

ሰውየው ለምሳሌ ያመጣሁት ነው፤ የገጠመው ግን በእውን የሚደርስ ነው። እሱ ጥፋተኛ ያደረገው ቬፑን ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስኒውን ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከሲጋራ ወደ ቬፕ መዞር ሲያዩት ዕቃ መቀየር ይመስላል። ሲገቡበት ግን ጉሮሮ ይደርቃል፣ ሳል ይመጣል፣ እርካታው ይጎድላል፣ ዕቃው ይበላሻል፣ ገንዘቡም ከታሰበው በላይ ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ የሚታወቅ ምክንያት አላቸው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ወደ ሲጋራው ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ እንዳይመለስ የተጻፈ ነው።

የሚነደውና የሚተነው

ሲጋራ ሲሳብ ጫፉ ላይ ያለው ፍም ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ቅጠሉ በዚህ ሙቀት ሲነድ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ቢያንስ 70ዎቹ ካንሰር አምጪ ናቸው። ታሩ ሳንባ ላይ ይለጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ ወደ 480,000 የሚጠጋ ሰው በማጨስ ምክንያት ይሞታል። ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲኑ ነው፤ በዋናነት የሚገድለው ግን ጭሱ ነው።

ዛሬ የምናውቀውን ቬፕ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው ሆን ሊክ የተባለ፣ ራሱም አጫሽ የነበረ ቻይናዊ ፋርማሲስት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ባትሪው ኮይል የሚባለውን ጥቅልል ሽቦ ያግላል። ኮይሉ የያዘው ጥጥ ፈሳሹን ይመጥጣል፤ ፈሳሹም ይተናል። በፈሳሹ ውስጥ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ኒኮቲን አለ። የሚነድ ቅጠል ስለሌለ ታርም ሆነ ከቃጠሎ የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ማለት ግን ንጹህ አየር ነው ማለት አይደለም። ትነቱ ሳንባን የሚያስቆጡ ኬሚካሎችና ጥቃቅን የብረት ቅንጣቶች ይኖሩታል፤ ኒኮቲኑም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በተነሳው የሳንባ ጉዳት እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ወይም ሞተው ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ 68ቱ ሕይወታቸው አልፏል። ዋናው ተጠርጣሪ ካናቢስ ባለባቸው፣ በተለይ ከመንገድ በተገዙ ቬፖች ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ ዘይት ነበር። እንግዲህ ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ትቶ ወደ ቬፕ የዞረ አጫሽ ከብዙ መርዝ ይርቃል። አጭሶ የማያውቅ ወጣት ቬፕ ሲጀምር ግን ያልነበረበትን ሱስ ይገዛል።

ለምን እንደ ሲጋራው አያረካም?

ከሲጋራ የሚሳብ ኒኮቲን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ አንጎል ይደርሳል። ሱሱን የሚያጠነክረው ይህ ፍጥነቱ ነው። የቀድሞዎቹ ቬፖች ይህን ያህል አይፈጥኑም ነበር፤ ኒኮቲኑ ሲበዛም ጉሮሮ ይቧጥጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ገበያ የገባው ጁል የተባለ ቬፕ ኒኮቲኑን ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አዋህዶ «የኒኮቲን ጨው» አደረገው። አሲዱ ፈሳሹን ለጉሮሮ ስላለሰለሰው ብዙ ኒኮቲን ሳያስል መሳብ ተቻለ። ለአጫሹ ይህ እርካታ ሰጠው፤ ለታዳጊዎች ግን ሱሱን አቀለለባቸው።

ያም ሆኖ «አንድ ነገር ጎደለኝ» የሚል ሰው አልተሳሳተም። በትምባሆ ጭስ ውስጥ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የሚባለውን የአንጎል ኢንዛይም የሚያዳክሙ ኬሚካሎች አሉ። ይህ ኢንዛይም ደስታ የሚሰጠውን ዶፓሚን የሚሰባብር ስለሆነ፣ ሲዳከም የኒኮቲኑ ደስታ ይረዝማል። ቬፕ ኒኮቲኑን ይሰጣል እንጂ እነዚህን ረዳቶቹን አይሰጥም። ጉድለቱ የፈቃድ ማነስ ሳይሆን የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው።

የአፍ መድረቅም ምክንያት አለው፤ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ውሃ የሚስቡ ናቸው። ሳሉ ሁለት መነሻ ሊኖረው ይችላል። አንዱ የትነቱ ማስቆጣት ነው። ሌላው በጭሱ ሽባ ሆነው የቆዩት የአየር ቧንቧ ጥቃቅን ፀጉሮች እንደገና አክታ መጥረግ መጀመራቸው ነው። ብስጭቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ሐሳብ መበተኑ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ ከዚያ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበርዳል።

ስኒው ውስጥ ያለው ምስጢር

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ። በሲጋራ ታር ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ1ኤ2 የሚባል ኢንዛይምን ያነቃቃሉ። ካፌንን ከደም የሚያጸዳው ዋናው ኢንዛይም እሱ ነው። ስለዚህ የአጫሽ ጉበት ካፌንን ከማያጨስ ሰው በጣም ፈጥኖ ያስወግዳል። ሃያ ዓመት ያጨሰ ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ እንቅልፉን የሚተኛው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ሲጋራው ሲቆም ኢንዛይሙ በሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ መደበኛው ይቀዘቅዛል። ሰውየው የቡናውን መጠን ካልቀነሰ በደሙ ውስጥ ያለው ካፌን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ቬፑ ይህን አያስቀርለትም፤ ኢንዛይሙን የሚያነቃቃው ታሩ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለምና። እንግዳችን የሲጋራ አምሮት ወይም የቬፕ ጉዳት የመሰለው ነገር፣ ለሃያ ዓመት ሲጠጣው የኖረው ቡና ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ለጊዜው ስኒውን በግማሽ መቀነስ ነው። ልብ መምታቱ ካልተወው ግን ሐኪም ይየው።

ይኸው ኢንዛይም አንዳንድ መድኃኒቶችንም ያስወግዳል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን፣ ለአስም የሚሰጠው ቲዮፊሊን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እነዚህን የሚወስድ ሰው ሲጋራ ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

የኪስ ሒሳብ

ቴክሳስ በአንድ ፓኮ ሲጋራ ላይ 1.41 ዶላር፣ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ 1.01 ዶላር ልዩ ግብር ይጥላሉ። በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው በዓመት 883 ዶላር ለግብር ብቻ ይከፍላል ማለት ነው። በቬፕ ላይ ቴክሳስ እንዲህ ያለ ልዩ ግብር የላትም፤ ማኪኒ ውስጥ ያለው መደበኛው 8.25 በመቶ የሽያጭ ግብር ነው። በወረቀት ላይ ቬፕ ርካሽ የሚመስለው በዚህ ነው።

ሒሳቡን ለራሳችን እንሥራው፤ አንባቢ የሚከፍለውን ዋጋ ይተካበት። ፓኮው 9 ዶላር ቢሆን በዓመት 3,285 ዶላር ይወጣል። 20 ዶላር የሚሸጥ ዲስፖዘብል ቬፕ በሳምንት ሁለት ቢያልቅ 2,080 ዶላር ነው። ሙሉ በሙሉ የዞረ ሰው 1,205 ዶላር ያተርፋል። ሲጋራውን በግማሽ ብቻ ቀንሶ ቬፑንም የያዘ ሰው ግን 3,722 ዶላር ያወጣል፤ ከቀድሞው ይበልጣል።

ሌላም የማይታይ ወጪ አለ። በኦባማኬር ሕግ መሠረት መድን ሰጪ ትምባሆ በሚጠቀም ሰው ላይ እስከ 50 በመቶ ተጨማሪ ክፍያ መጣል ይችላል። የሕይወት መድን ሲገዛ ደግሞ ኮቲኒን ይመረመራል፤ ኮቲኒን ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ሲሰባበር የሚፈጠር ነው። ምርመራው ኒኮቲኑ ከሲጋራ ይምጣ ከቬፕ አይለይም። ሲጋራውን የተወ ሰው ክፍያው እንደ አጫሽ ሊቀጥልበት ይችላል።

ኮይሉ፣ ሙቀቱና ሕጉ

ሲጋራ ክብሪት ብቻ ይፈልጋል። ቬፕ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ፈሳሽ ይፈልጋል፣ ኮይል ይፈልጋል። የፈሳሹ ማጣፈጫ ኮይሉ ላይ እያረረ ይጋገራል፤ ጥጡ ሲደርቅ ደግሞ የተቃጠለ ጨርቅ ጣዕም ይመጣል። ያን ጊዜ መሳብ ማቆም ነው፤ ጥጡ ደርቆ ኮይሉ ከልክ በላይ ሲግል ፎርማልዲሃይድ ይፈጠራልና። የቴክሳስ በጋም የራሱን ችግር ይጨምራል። ከ38 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ቬፕ ፈሳሹ ቀጥኖ ይንጠባጠባል፤ ሊቲየም ባትሪው ደግሞ የእሳት አደጋ አለው።

ሕጉም ተለውጧል። ከእ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሴኔት ቢል 2024 የተባለው የቴክሳስ ሕግ በቻይና የተሠሩም ሆኑ ካናቢስ ያለባቸው የቬፕ ምርቶች እንዳይሸጡ ከልክሏል። ሕጉን የጣሰ ሻጭ እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 4,000 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። አብዛኛው የዓለም ቬፕ የሚመረተው ቻይና ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የለመደው ዓይነት ከመደርደሪያ ሊጠፋበት ይችላል። በጋዝ ስቴሽንና በሱቅ ለሚሠሩ ወገኖቻችን ነገሩ የእንጀራ ጉዳይም ነው፤ ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥም በሕግ ያስጠይቃል።

አገር ቤት ለመሄድ ያሰበም አንድ ነገር ይወቅ። በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባትም ሆነ መሸጥ ከልክሏል።

በሁለት ቢላ

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሁለቱንም ይዞ የሚቀር ሰው ነው። «ከሃያ ወደ ሦስት አውርጄዋለሁ» ሲል ይደሰታል። ለሳንባው ጥቅም ሊኖረው ይችላል። ልብ ግን እንዲህ አይቆጥርም። 141 ጥናቶችን አጠቃልሎ እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ትንተና እንዳሳየው፣ በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ወንድ፣ ሃያ ሲጋራ ከሚያመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። በሁለት ቢላ እበላለሁ ያለ ሰው በሁለቱም ይቆረጣል፤ ገንዘቡም ጤናውም ይሄዳል።

ማብቂያውን ማን ይወስን?

ጥናቶቹ ተስፋም ማስጠንቀቂያም ይሰጣሉ። በእንግሊዝ 886 አጫሾች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ከዓመት በኋላ ቬፕ ከተሰጣቸው 18 በመቶው፣ ፕላስተርና ማስቲካን የመሰሉ የኒኮቲን መተኪያዎች ከተሰጣቸው 9.9 በመቶው ሲጋራ እንዳቆሙ አሳየ። ነገር ግን በቬፕ ካቆሙት 80 በመቶው ያን ጊዜም ቬፑን ይስቡ ነበር፤ በመተኪያዎቹ ካቆሙት አሁንም የሚጠቀሙት 9 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ምክንያቱ አይከብድም። ሲጋራ እስከ ፊልተሩ ነድዶ ያልቃል፤ ሰውም ተነሥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ቬፕ እንዲህ ያለ ማብቂያ የለውም። ሽታው ስለማያጋልጥ አልጋ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ከቤተሰብ ተደብቆም ይሳባል። እኛ ዘንድ ማጨስ ከእናትና ከሚስት የሚደበቅ ነገር ስለሆነ ይህ መደበቂያነቱ በጣም ይመቻል፤ ሱሱን የሚያሳድገውም እሱው ነው።

ስለዚህ ቬፕ የሚይዝ አጫሽ ሁለት ቀን ይቁረጥ። አንደኛው የመጨረሻዋ ሲጋራ የምትጠፋበት ቀን ነው፤ ቅርብ ይሁን። ሁለተኛው ቬፑ የሚቆምበት ነው፤ የኒኮቲኑን መጠን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ የሚደርስበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለማቆሚያ ያጸደቀው ቬፕ የለም። ያጸደቃቸው ፕላስተር፣ ማስቲካ፣ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የመሰሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ በእነሱ መጀመርም ይቻላል። የቴክሳስ የማቆሚያ መስመር 1-877-937-7848 በነጻ ያማክራል።

ያ እንግዳ ወደ ሲጋራው ከመመለሱ በፊት አጠገቡ ያለው ወዳጁ ይህን ቢነግረው ደስ ይለኛል። ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ ሁለቱን ቀኖች ጮክ ብሎ ቢናገር ደግሞ ይበልጥ። በሚመጣው እሑድ አቦሉን ጠጥቶ ስኒውን ይመልስ። ልቡ ከተረጋጋ፣ ያስቸገረው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ያውቀዋል።