ቀን እንጀራ፣ ማታ ውድድር፦ የሶዶ የሞተር ልጆች ፍጥነታቸውን የት ይጨርሱት?

ሶዶ ውስጥ ሞተር ቅንጦት አይደለም። ሰው ያመላልሳል፣ ዕቃ ያደርሳል፣ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወስደውን ኮረኮንች ይደፍራል። ብዙ ልጅ የገዛውም በዕቁብ ወይ ከቤተሰብ ተበድሮ ነው። መሸት ሲል፣ አስፋልቱ ጭር ሲል ግን ያው እንጀራ የሚያበላው ሞተር ከሌላ ሞተር ጎን ይቆምና "እስቲ እንሞክር!" ይባላል። ዳኛ የለ፣ ዋንጫ የለ። ያለው የጓደኛ ጭብጨባና የስልክ ቪዲዮ ነው።

ይሄን ዝም ብሎ "ዱርዬነት" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ጥሩ ጎኑን ልናገር። ውድድር የሚወድ ልጅ ሞተሩን ያውቃል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፦ ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻውን አያቃጥልም፣ አየር ይፈልጋል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ ቤንዚኑን እንደለመደው ይለቃል፤ ከዚያ ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበት ይወርዳል። ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ሞተሩ ነፍስ የዘራ የሚመስላችሁ በቁልቁለቱ ብቻ አይደለም። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ እዚያ ወፈር ይላል።

ልጆቹ ይህን በትምህርት ቤት አልተማሩትም፣ በእጃቸው ነው የደረሱበት። ካርቡሬተር ያስተካክላሉ። ካቴናውን የሚያዞረውን የፊተኛውን ጥርስ በአንድ ያነሰ ጥርስ ይቀይሩታል፤ አነሳሱ ይፈጥናል፣ የመጨረሻው ፍጥነት ግን ይቀንሳል። አንዳንዱ ደግሞ ማርሚታ ይነቅላል። እሱ እንኳን ከንቱ ነው! ሌላ ነገር ሳይስተካከል ማርሚታ መንቀል የሚጨምረው ጩኸት ነው፣ ጉልበት እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ጎረቤት መቀስቀስ ከፈለጋችሁ ግን ይሠራል።

አሁን ወደ ውድቀቱ እንምጣ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ። አንድ ሕፃን መንገድ ውስጥ ቢገባ ለመደንገጥ አንድ ሰከንድ፣ ከዚያ ፍሬን፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም በድምሩ 28 ሜትር ገደማ ይፈጃል። በ100 ስትሆኑ በድንጋጤዋ ሰከንድ ብቻ 28 ሜትር ያልፋል፣ ገና ፍሬን ሳትይዙ! ፍሬኑ ሲጨመር 84 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፣ መቆሚያው ግን ሦስት እጥፍ። ይሄ ጎበዝ ነጂ ላይ፣ ጥሩ ጎማ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ከሶዶ ወደ ቦዲቲ ወይ ወደ አረካ የሚወስደውን መንገድ አስቡት፦ ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ ከብት፣ አህያ፣ መብራት የሌለው ባጃጅ።

የተጎዳው ማን ይከፍልለታል? በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው መድን እንደ ስሙ የሦስተኛ ወገን ነው፤ የተገጨውን እንጂ ነጂውን ራሱን አይክስም። ከዚያ በላይ መድን የገባ ካለም ውሉን ያንብብ፣ በውድድር ላይ የደረሰ ጉዳት ብዙ ጊዜ አይሸፈንም። ስለዚህ እግሩ የተሰበረ ልጅ ሕክምናውን ከኪሱ ይከፍላል፣ ሞተሩም ቆሟል፣ ዕቁቡ ግን አይቆምም። በአንድ ማታ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ይገባል። የሚያሳዝነው ይሄ ነው።

ሌላው ዓለምስ? በብሪታኒያና በአየርላንድ መካከል ማን የምትባል ደሴት አለች። ብሪታኒያ ውስጥ መንገድ ዘግቶ መወዳደር ሕጉ አይፈቅድም ነበር፤ ደሴቲቱ ግን የራሷን ሕግ አወጣችና እ.ኤ.አ. በ1907 ዝነኛውን የሞተር ውድድር ጀመረች። በ1923 ደግሞ ለአማተሮች የተለየ ውድድር ተጨመረ። ቀን ሥራ ያለው ሰው በራሱ ሞተር ይወዳደር ነበር፣ ልክ እንደኛ ልጆች። ልዩነቱ መንገዱ መዘጋቱ ነው። ያም ሆኖ አሁን በሚሮጡበት የተራራ መንገድ ላይ ባለፉት መቶ ምናምን ዓመታት ከ260 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። መንገድ መዝጋት መንገደኛውን ያድናል፣ ተወዳዳሪውን ግን ከግንብና ከዛፍ አያድነውም።

በአካባቢያችን ያሉት ዩጋንዳና ኬንያ የያዙት መንገድ ለኛ የሚቀርብ ይመስለኛል፦ ሞቶክሮስ፣ ማለትም አስፋልት ሳይሆን አፈር ሜዳ ላይ፣ ጉብታና ኩርባ ተሠርቶ የሚደረግ ውድድር። ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ ፍጥነቱም በኩርባው ይያዛል። አጥንት መሰበሩ አይቀርም፣ አልዋሻችሁም። ግን መንገድ የሚሻገር ሕፃን የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው ስታዲየም አይደለም። ከከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤትና ከፖሊስ ፈቃድ፣ የታጠረ ሜዳ፣ ኩርባ ላይ የሚደረደር አሮጌ ጎማ፣ ሰው ሲወድቅ ቢጫ ባንዲራ የሚያውለበልብ ልጅ፣ ቆሞ የሚጠብቅ አምቡላንስ። ተመልካች ከኩርባው ውጭኛ ጎን አይቆምም፤ ሞተር ሲያመልጥ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ካልተደራጀ ምን ሊመጣ እንደሚችል አዲስ አበባ አሳይታናለች። 2011 ዓ.ም. ላይ ከተማዋ የሞተር እንቅስቃሴን አገደች፤ ምክንያቱ ውድድር ሳይሆን በሞተር የሚፈጸም ዘረፋ ነበር። ጥቂቶች ባጠፉት በሐቀኝነት የሚሠራውም አብሮ ቆመ።

ሜዳው እስኪገኝ ግን ሄልሜት። ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይሄ ክንድ ላይ አንጠልጥለው ለትራፊክ የሚያሳዩትን አይመለከትም፣ አገጭ ሥር የታሰረውን ነው። ተሳፋሪም ጭንቅላት አለው። የወደቀ ልጅ ካያችሁ ደግሞ ጎትታችሁ አታንሱት፣ እየተነፈሰ ከሆነም ሄልሜቱን አታውልቁበት፤ የአንገት አጥንቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡት።