ሌሊቱ ሲወብቅ ሰውነትም ሲግል፦ የሴቶች ሆርሞንና እንቅልፍ ማጣት በሙስካት

በሰኔና በሐምሌ የሙስካት ሌሊት እንደ ቀኑ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንኳ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ያድራል፤ የባሕሩ እርጥበት ሲጨመርበት ልብስ ከገላ ላይ ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 በሙስካት ግዛት ውስጥ ባለችው ቁራያት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የተመዘገበው ዝቅተኛ ሙቀት 42.6 ዲግሪ ነበር። የቀዝቃዛውን ቧንቧ ብትከፍቺ እንኳ ጣራ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከዋለው ሮቶ የሚወርደው ውሃ ይፋጃል።

በዚህች ከተማ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን “እንቅልፍ እምቢ አለኝ” ስትል የምታገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ “ሐሳብ ነው፤ ሀገርሽ ናፍቆሽ ነው” የሚል ነው። ናፍቆት እንቅልፍ ይነሳል፤ እውነት ነው። ሁሉን ነገር በሐሳብ ማሳበብ ግን ሊታከም የሚችለውን ችግር ሳይታከም ያስቀረዋል።

እንቅልፍና ሙቀት

ምሽት ላይ የውስጥ ሙቀታችን በጥቂቱ ይወርዳል። ደም ወደ እጅና ወደ እግር ቆዳ እየሄደ ሙቀቱን ያስወጣል፤ አንጎልም ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን ያመነጫል። እንቅልፍ የሚጥለን ያኔ ነው። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት የሴት ሆርሞኖች ይህንኑ የሙቀት ሚዛን ስለሚነኩ፣ እነሱ ከፍና ዝቅ ባሉ ቁጥር እንቅልፍም አብሮ ይናጋል።

እንቁላል ከወጣበት ቀን አንሥቶ የወር አበባ እስኪመጣ ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ፕሮጄስትሮን ይጨምራል፤ ሰውነትንም ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ያሞቃል። በደጋ ሀገር ብርድ ልብስ ገፈፍ አድርጎ የሚታለፍ ነገር ነው፤ ኤሲው በማይሠራ ክፍል ውስጥ ግን እስኪነጋ ያገላብጣል። ፕሮጄስትሮን አንጎልን የማረጋጋት ባሕርይም ስላለው፣ የወር አበባ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው መጠኑ ሲያሽቆለቁል ብዙ ሴት ትባንናለች፤ ሆድ ይብሳታል። ቁርጠቱ ደግሞ ይከተላል።

ደም በብዛት የሚፈሳት ሴት የብረት እጥረት ሊይዛት ይችላል። አንዱ ምልክት ጋደም ሲሉ እግር ውስጥ ጉንዳን የሚሄድ መምሰሉ፣ ካላንቀሳቀሱት ዕረፍት መንሳቱ ነው። ይህ በእርግዝና ወቅትም ይበዛል። የብረት እጥረቱ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ መድኃኒትም አለው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ ከማዕድ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ይጠቅማል።

ማረጥ ሲቃረብ

አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ የእንቅልፉ መረበሽ ግን ከዚያ ዓመታት ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። ኢስትሮጅን ሲቀንስ ሙቀትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ስስ ይሆናል፤ ትንሿን ሙቀት እንደ ቃጠሎ ይቆጥራታል። ወዲያው የደም ሥሮችን ይከፍታል፣ ላብ ያወርዳል። ደረትና ፊት ይለበለባሉ፣ ልብ ይመታል፣ ትራሱ ይርሳል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ብርድ ብርድ ይላል። በአንድ ሌሊት ይህ ሦስት አራት ጊዜ ሲመላለስ፣ ሴትየዋ ስምንት ሰዓት ተጋድማም ደክሟት ትነሣለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ሙቀቱ በአማካይ ከ7 ዓመት በላይ እንደሚቆይ አሳይቷል። “ትንሽ ታገሺ፣ ያልፋል” ተብሎ የሚተው አይደለም።

ከማረጥ በኋላ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ መሐል ትንፋሽ መቆራረጥም ይጨምራል። ጠዋት ራስሽን የሚያምሽ፣ ቀን ቁጭ ባልሽበት እንቅልፍ የሚጥልሽ ከሆነ፣ አብራሽ የምታድረውን “ሌሊት ትንፋሼ ይቋረጣል ወይ?” ብለሽ ጠይቂያት።

ሁለት ነገር ደግሞ ምልክቱን ያምታታል። የመጀመሪያው በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው። ብዙ ጊዜ የወር አበባን ስለሚያስቀር፣ በ40ዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት ማረጥ መጀመሯን ላታውቅ ትችላለች። ሁለተኛው የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት ነው፤ ያልባል፣ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እየበሉ ያከሳል፣ እንቅልፍም ያሳጣል። ከማረጥ የሚለየው ቀላል የደም ምርመራ ነው።

እንቅልፍ ማጣትና እንቅልፍ መነፈግ

በሕክምናው ቋንቋ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የሚባለው፣ ለመተኛት ጊዜና ቦታ እያለ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ሲጠፋ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ሥራ ጨርሳ 11 ሰዓት የምትነሣ ሴት ግን በሽታ የለባትም፤ እንቅልፍ ተነፍጋለች። በረመዳን እስከ ሱሁር ማዕድ ቤት የሚቆሙ ይህን ያውቁታል። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች ኦማን ውስጥ የሚሠሩ 59 የቤት ሠራተኞችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ ረጅም የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ቀን መከልከል ከተመዘገቡት በደሎች መካከል ነበሩ። የዓለም የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይደነግጋል። የሰዓት እጦትን ኪኒን አይፈታውም። ከማዳሟ ጋር መነጋገር የምትችል ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀው ያልተቆራረጠ የሌሊት ዕረፍት ይሁን።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት ለብ ባለ ውሃ ገላን መታጠብ የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት የውስጥ ሙቀቱ እንዲወርድ ይረዳል። የጥጥ ልብስ ልበሺ፤ የምትቀይሪውንም አጠገብሽ አስቀምጪ። ኤሲ ካለ ክፍሉን አስቀድመሽ አቀዝቅዢው።

ቡናና ካራክ ሻይ ከቀትር በኋላ ይቅሩ። አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ከጠጣሽው ቡና ካፌይኑ ግማሽ ያህሉ ማታ 4 ሰዓትም ደምሽ ውስጥ አለ። ኢስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት ላይ ጊዜው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በእርግዝና መጨረሻ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። የማታ ስልክም እንቅልፍ ይሻማል፤ ሙስካት ከሀገር ቤት በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም፣ ደሴ ላይ ማታ 4 ሰዓት ሲሆን እዚህ 5 ሰዓት ነው። ከቤተሰብ ጋር የስልክ ሰዓት ሲቀጠር ይህ ይታሰብ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ተጋድመሽ እንቅልፍ ካልመጣልሽ ከአልጋው ተነሺ፤ ክፍሉ የጋራ ከሆነ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ በዪ። ሲያንቀላፋሽ ተመለሺ፤ ጠዋትም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሺ። እነዚህ ልማዶች የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኪኒን በፊት እንዲሞከር የመከረው ሕክምና አካል ናቸው። ጓደኛ የሰጠችሽን የእንቅልፍ ኪኒን አትዋጪ። ለማረጥ ሙቀት የሆርሞን ሕክምናም ሆርሞን የሌለባቸው መድኃኒቶችም አሉ፤ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት የነበረባት ሴት ግን ይህን ለሐኪም አስቀድማ ትናገር።

ካረጥሽ ዓመት ካለፈ በኋላ ደም ካየሽ፣ ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባሽ ከቆመ፣ ወይም የሌሊት ላቡ ከትኩሳት፣ ከሳልና ከመክሳት ጋር ከመጣ ምርመራው አይዘግይ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የሐዘን ስሜት ካለ፣ ከወሊድ በኋላ ሲሆን ደግሞ በተለይ፣ እርዳታ ጠይቂ። የመኖር ፍላጎት ከጠፋብሽ ብቻሽን አትደሪ፤ በዚያው ዕለት ለምታምኛት ሰው ተናግረሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ሐኪም ዘንድ ከመሄድሽ በፊት ለአንድ ወር በደብተር ጻፊ፦ የወር አበባ ቀን፣ የተኛሽበትና የነቃሽበት ሰዓት፣ ላብ የነበረበት ሌሊት፣ የጠጣሽው ቡና። ዐረብኛው ካስቸገረሽ “ማፊ ኖም” ማለት እንቅልፍ የለም፣ “ደውራ” ደግሞ የወር አበባ ማለት ነው፤ ለቀሪው ደብተርሽን አሳዪ። አርብ ዕለት በሙስካቷ ሩዊ ሰፈር የምንገናኝም፣ እህታችን ዓይኗ ቀልቶ ስትመጣ “ሐሳብ ነው” ከማለታችን በፊት “ስንት ሰዓት ተኛሽ? የወር አበባሽ መቼ መጣ? ሌሊት ያልብሻል?” እንበላት።