ከመዝሩዒያ ወጥ ቤት እስከ ስድስት ኪሎ፦ አዲስ የሕግ ተማሪ ሆኜ ግቢውን ስጎበኝ

በዋትስአፕና በቴሌግራም የደማምና የኮበር እህቶችን መልእክት ከምንመልስ በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነኝ። ደሞዝ ሲዘገይ፣ ፓስፖርት ሲቆለፍበት፣ ዕረፍት ሲከለከል የሚመጣልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሕጉ ምን ይላል?» እኔም መዝሩዒያ ሰፈር አራት ዓመት በሰው ቤት ስሠራ ይህንኑ ስጠይቅ ኖሬያለሁ።

አሁን 28 ዓመቴ ነው። ዘንድሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የመግቢያ ወረቀት ደርሶኛል። ከምዝገባው በፊት ስድስት ኪሎ ሄጄ ቦታውን አየሁት። እዚያ ያየሁትና የሰማሁት ነገር ዩኒቨርሲቲ ለማትገባ እህትም ስለሚጠቅም ልጽፍልሽ ፈለግኩ።

ልቤ ሁለት ቦታ ነበር

የሄድኩት ለመወሰን ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናን በግል ተፈታኝነት ወስጄ ውጤቱ መጣልኝ፤ ወረቀቱም እጄ ገባ። በዚያው ሰሞን ደማም አብራኝ የነበረች ልጅ ደወለች። «እዚሁ ሰፈር ጥሩ ቤት ተገኝቷል፣ ደሞዙም ከበፊቱ ይሻላል፣ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

የሕግ ዲግሪ አምስት ዓመት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ወደ ቤት የሚላክ ብር የለም ማለት ነው። ታናሽ ወንድሜ ገና ትምህርት ላይ ነው። የእናቴ ቤት ጣሪያ የተቀየረው ግማሹ ብቻ ነው። ሌላ ሰው «መማር መልካም ነው» ብሎ ያልፋል፤ ሒሳቡን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

እናቴን ስጠይቃት «ሂጂ»ም «ቅሪ»ም አላለችም። «መጀመሪያ ቦታውን አይተሽው ነይ» አለችኝ።

ሕግ መጽሐፍ መጀመሪያ ያየሁት መዝሩዒያ ነው

የሠራሁበት ቤት ትልቋ ልጅ ሕግ ተማሪ ነበረች። ማታ ማታ እኔ ዕቃ ሳጥብ እሷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መጽሐፏን ዘርግታ አንቀጾቹን በቃሏ ለመያዝ ጮክ ብላ ታነባለች። ሳውዲ ውስጥ ሴቶች የጥብቅና ፈቃድ ማግኘት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ስለዚህ ለእሷም ለቤተሰቡም ነገሩ አዲስ ነበር።

አንድ ቀን በተሰባበረ ዓረብኛዬ «ስለ እኔ የሚያወራ አለበት?» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ የሳውዲን የሥራ ሕግ ከፍታ አንቀጽ 7 ላይ ጣቷን አሳረፈች። አንቀጹ ሕጉ የማይመለከታቸውን ሰዎች ይዘረዝራል፤ የቤት ሠራተኞች እዚያ ዝርዝር ውስጥ አሉ። «ለእናንተ ሌላ አለ» ብላ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን የቤት ሠራተኞች ደንብ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። በቀን ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይላል።

እኔ እዚያ ቤት ስምንት ወር ስሠራ አንድም የዕረፍት ቀን አላየሁም። እሷም ይህን ታውቃለች። ሁለታችንም ዝም አልን።

በሚቀጥለው ዓርብ ማዳም ከምሳ በኋላ «ዛሬ ዕረፊ» አለችኝ። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም። ሙሉ ቀን አልነበረም፤ ከዚያም በየሳምንቱ አልቀጠለም። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ለካ «ሕጉ ምን ይላል?» ከማለት በፊት «የትኛው ሕግ ነው እኔን የሚመለከተኝ?» ማለት አለ።

ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ

ግቢው የካቲት 12 ሐውልት ካለበት አደባባይ አጠገብ ነው። ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየም ነው። የሕግ ትምህርቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው የተከፈተው።

በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈትሾ ወረቀቴን አየና «ተማሪ ነሽ?» አለኝ። «አዎ» ስል ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። በሰው በር ገብቼ ስወጣ ስንት ዓመት ኖርኩ፤ «ሠራተኛ ነሽ?» ሳይባል የገባሁበት የመጀመሪያው ትልቅ በር ይሄ ነው።

ያስጎበኘችኝ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ መጀመሪያ «እርስዎ» ልትለኝ ሞከረች፣ ተሳሳቅንና «አንቺ» ተባባልን። የመማሪያ ክፍሎቹን አሳየችኝ። ተማሪዎች እንደ ጠበቃና እንደ ዳኛ ሆነው ስለሚከራከሩበት ምስለ ችሎት ነገረችኝ። ከመመረቅ በፊት ፍርድ ቤትና ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዶ የተግባር ልምምድ ማድረግ አለ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ትምህርት ቤቱ አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍም ይሰጣል። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ይሄ ነበር።

ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገባን። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አነሳችልኝ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣ፣ 3,367 አንቀጽ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ነው። እኔም መዝሩዒያ የጠየቅኩትን ደገምኩት፦ «የቤት ሠራተኛ የት ነው ያለችው?»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና መጀመሪያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ከፈተች። አንቀጽ 3 አዋጁ የማይሠራባቸውን የሥራ ግንኙነቶች ይዘረዝራል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር እዚያ ውስጥ አለ። ሰው ቤት ምግብ የምታበስለው፣ ልጅ የምታሳድገው ሴት ማለት ናት። ቀጥላ ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ተመለሰችና ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ አሠሪዋ ቤት ስለምትኖር ሠራተኛ የሚናገሩ ጥቂት አንቀጾችን አሳየችኝ። ከ3,367ቱ ጥቂቶቹ።

እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የዚያች የመዝሩዒያ ልጅ ጣት ትዝ አለኝ። ሳውዲም ኢትዮጵያም ዋናው የሥራ ሕግ እኛን ውጭ ትቶናል። ጉዳዩ የሁለት አገር ብቻም አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ቤት ሠራተኞች ራሱን የቻለ ስምምነት፣ ቁጥር 189ን፣ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 2011 ነው። ድርጅቱ የተመሠረተው በ1919 መሆኑን ስታስቢ፣ የቤት ሥራ እንደ ሥራ እስኪቆጠር ስንት ዘመን እንደፈጀ ይገባሻል።

አዲስ ተማሪ የሚማራቸው አራት ቃላት

«መጀመሪያ ዓመት ምንድን ነው የሚከብደው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ማዘን ትተሽ መጠየቅ መልመድ» አለችኝ። አንድ ጉዳይ ሲሰጣቸው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ከመናገራቸው በፊት አራት ነገሮችን ይለያሉ። አንቺም እነዚህን ዛሬውኑ ልትጠቀሚባቸው ትችያለሽ፦

• ፍሬ ነገር። የሆነው ነገር ማለት ነው፤ ከነቀኑ። «ደሞዝ አይሰጡኝም» አይበቃም። «የሦስተኛውና የአራተኛው ወር አልተከፈለኝም፣ የአምስተኛው ግማሽ ተከፈለኝ» ይበቃል። ደሞዝ የተቀበልሽበትን ቀንና መጠን በየወሩ ጻፊ።

• ጭብጥ። በሁለታችሁ መካከል በትክክል ያላስማማችሁ ነገር ነው። ደሞዝ ነው? ዕረፍት ነው? ፓስፖርት ነው? ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስታለቅሽው ሰሚው ይጠፋዋል። አንድ በአንድ ለያይተሽ ተናገሪ።

• ማስረጃ። ኮንትራት፣ ኢቃማ፣ ፓስፖርት፣ የባንክ መልእክት፣ የዋትስአፕ ድምፅና ጽሑፍ። ፎቶ አንሺና አገር ቤት ላለ የምታምኚው ሰው ላኪ። ስልክሽ ቢወሰድ ማስረጃሽ አብሮ አይጠፋም።

• ይርጋ። መብት የመጠየቂያ ጊዜ ማለቅ ነው። ጊዜው ካለፈ እውነቱ ከአንቺ ጋር ቢሆን እንኳ ጥያቄሽ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ «ኮንትራቴ ሲያልቅ እጠይቃለሁ» ብለሽ አታቆዪው።

እኔ መዝሩዒያ ሳለሁ የልጆቹ አሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ ደሞዝ የተቀበልኩበትን ቀን እጽፍ ነበር። ልመለስ ስል የሦስት ወር ደሞዝ ቀርቶብኝ ነበር። «ሁሉም ተከፍሏታል» ሲባል ደብተሩን አወጣሁ። የቤቱ አባት ገጾቹን አንድ በአንድ አየና የሁለቱን ወር ከፈለኝ። አንዱን ወር አሁንም አላገኘሁትም። ቢሆንም ደብተሩ ባይኖር ሦስቱም አይኖሩም ነበር።

ሕግ የሚለወጥ ነገር ነው

ትምህርት ቤቱ ከወጡት ሴቶች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራቾች ውስጥ ነበሩ፤ በ2018 ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ማኅበሩ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ታዳጊን ጉዳይ ይዞ ተከራክሯል፤ ልጅቷም ራሷን መከላከሏ ታምኖበት በነፃ ተለቀቀች። ያኔ ይሠራበት የነበረው የወንጀል ሕግ ጠላፊ ልጅቷን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ያንን አስቀረው።

የአንቺም ደንብ ተለውጧል። ሳውዲ አዲስ የቤት ሠራተኞች ደንብ አውጥታ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ዋና ዋናዎቹን ያዢ፦

• የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 ሰዓት አይበልጥም። ከዚህ ውጭ ቢያንስ 8 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጥሻል።
• በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ከነደሞዙ አለሽ።
• ፓስፖርትሽንና የግል ሰነዶችሽን አሠሪ መያዝ አይችልም።
• ሁለት ዓመት ሠርተሽ ኮንትራት ስታድሺ የአንድ ወር ዕረፍት ከነክፍያው አለሽ።
• አራት ዓመት ከሠራሽ የአንድ ወር ደሞዝ የአገልግሎት ክፍያ ይገባሻል።

አቤቱታ ካለሽ የሳውዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው። መጀመሪያ የማስማማት ሙከራ ይደረጋል፤ ደብተርሽና ፎቶዎችሽ የሚጠቅሙሽ እዚህ ጋ ነው። የኛ ኤምባሲ ሪያድ ነው፤ ከደማም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ችግር ሳይመጣ ስልኩን መዝግበሽ ያዢ። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት ኮንትራትሽ ሲጣስ የላከሽ ኤጀንሲ ከአሠሪው ጋር አብሮ ይጠየቃል። የኤጀንሲውን ሙሉ ስምና የኮንትራቱን ቅጂ አትጣይ።

መማር ካሰብሽ

መልእክት ከሚልኩልን እህቶች ብዙዎቹ «ስመለስ እማራለሁ» ይላሉ። እንግዲህ ከወዲሁ የሚደረግ ነገር አለ። የ8ኛ፣ የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ወረቀትሽ የት እንዳለ ቤተሰብሽን ጠይቂ፤ ፎቶ አስነሺና ዋናውን እርጥበት በማይነካው ቦታ ያስቀምጡልሽ። ካቋረጥሽበት ክፍል በማታ ትምህርት መቀጠል ይቻላል፤ 12ኛን ጨርሰሽ ውጤት ያልመጣልሽ ከሆነ በግል ተፈታኝነት እንደገና መፈተን ይቻላል። ከምትልኪው ብር ላይ ትንሽ ለራስሽ፣ በራስሽ ስም ባንክ አስቀምጪ። ስትመለሺ የመጀመሪያዎቹን ወራት የምታልፊው በእሷ ነው።

ዓረብኛሽንም አትናቂው። ያስጎበኘችኝ ልጅ ዓረብኛ ማንበብ እንደምችል ስትሰማ «ይሄን እኮ እኛ የለንም» አለችኝ። የሳውዲን ኮንትራት በራሱ ቋንቋ አንብባ ለአንዲት እናት የምታስረዳ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ታስፈልጋለች።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ «እንዴት ነው ቦታው?» አለችኝ። የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ጥቂት አንቀጽ ብቻ እንዳለው ነገርኳት። «ታዲያ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው እዚያ?» አለች። «የጎደለውን ላውቅ ነው» አልኳት። ለደማሟ ልጅ በማግስቱ ደወልኩ፤ ቤቱን ለሌላ እንድትሰጥ ነገርኳት። ቀን ቀን ለመሥራት አንድ ሱቅ አነጋግሬያለሁ፤ ጣሪያው ደግሞ ለጊዜው ግማሹ እንዳለ ይከርማል። ሰኞ እመዘገባለሁ።

አንቺ ግን ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ አንድ ደብተር ፈልጊ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሥራ የጀመርሽበትን ቀን ጻፊ፣ ቀጥሎ የተስማማሽበትን ደሞዝ፣ ቀጥሎ መጨረሻ የተቀበልሽበትን ቀን። ጥያቄ ሲኖርሽ ያንን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልን።