የውሃ ንጽሕና ከማሳው ይጀምራል፤ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

የክረምት ዝናብ በታረሰና ሽፋን በሌለው ተዳፋት ላይ ሲወርድ አፈሩን፣ የከብት እበቱንና በሜዳ ላይ የተጣለውን ዐይነ ምድር ጠርጎ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ያወርዳል። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለው ቤተሰብ በማግሥቱ ቀድቶ የሚጠጣው ይህንኑ ውሃ ነው። የጤና ባለሙያው በተቅማጥ የታመመውን ሕፃን በኦ.አር.ኤስ. እና በዚንክ ያክማል፤ እናቲቱም ውሃውን በክሎሪን እንድታክም ይመክራል። የብክለቱ መነሻ ከላይ ባለው ማሳ ላይ እስካለ ድረስ ግን ሕፃኑ ተመልሶ የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው።

ከማሳ እስከ እንስራ

ከእርሻ የሚነሣው ብክለት በአራት መንገዶች ጤናን ይጎዳል።

አንደኛው ደለል ነው። የአፈር ብናኝ ጀርሞችን ከክሎሪን ይጋርዳል፤ ክሎሪኑንም ራሱ ይሻማል። ድፍርስ ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ የክሎሪኑ መጠን በእጥፍ እንዲጨመር የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የእንስሳት እበት ነው። በተለይ ጥጆች የሚያስወጡት ክሪፕቶስፖሪዲየም በቤት ውስጥ በሚደረግ የክሎሪን ሕክምና አይሞትም። በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሰፊ ጥናት ይህ ተሕዋስ ለሕፃናት ብርቱ ተቅማጥ ዋነኛ መንስኤ ከሆኑት አንዱ መሆኑን አሳይቷል።

ሦስተኛው ናይትሬት ነው። ከማዳበሪያና ከፍግ ክምር ወደ ጉድጓድ ውሃ የሚሰርገው ናይትሬት፣ በጡጦ የሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናትን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንዳይሸከም በማድረግ ለሜትሄሞግሎቢኒሚያ ይዳርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ውሃውን ማፍላት ናይትሬቱን ይበልጥ ያከማቸዋል እንጂ አያስወግደውም።

አራተኛው ፀረ ተባይ ኬሚካል ነው። የመርጫ መሣሪያን በወንዝ ማጠብና ባዶውን ዕቃ ለውሃ መያዣነት መጠቀም ጉዳቱን በቀጥታ ወደ ቤት ያስገባል።

ገበሬው ለምን ያመነታል?

ገበሬው እርከን ለመሥራት የሚያመነታው ባለማወቅ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል፤ በበሬ ለሚያርስ ሰው መዞሪያ ያሳጣል፤ የአይጥ መጠለያም ሊሆን ይችላል። ድካሙ የባለማሳው ሲሆን ንጹሑን ውሃ የሚያገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ከታች ያለው ጎረቤት ነው።

ያለፈው ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። በደርግ ዘመን ገበሬው ሳይመክርበት በምግብ ለሥራ ከተሠሩት እርከኖችና ከተከለሉት ቦታዎች ብዙዎቹ በ1983 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ለውጥ አካባቢ ፈርሰዋል። ገበሬው የእኔ ያላለውን ሥራ የሚጠብቅለት የለም።

በአንጻሩ በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች ተራራቸውን ከልቅ ግጦሽ ከልለው፣ እርከንና ውሃ ማቆሪያ ሠርተው የጉድጓድ ውሃቸው ከፍ እንዲል አድርገዋል። የአካባቢው ሕዝብ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን ተቀብሏል። በዚያ ጥበቃው ለገበሬው በመስኖ አትክልትና በፍራፍሬ መልክ ተመልሷል።

የጤና ባለሙያው ምን ያድርግ?

የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ በአብዛኛው የሚካሄደው ከጥር ወር ጀምሮ ስለሆነ ዝግጅቱ ከዚያ መቅደም አለበት።

1. ከግብርና ልማት ሠራተኛው ጋር ሆኖ የቀበሌውን ምንጮችና ጉድጓዶች መመዝገብ፣ ከእያንዳንዳቸው በላይ ያሉትን ማሳዎችም መለየት። የተቅማጥ ሕሙማን የሚበዙባቸው መንደሮች የሚጠቀሙበት ምንጭ ቅድሚያ ይሰጠዋል።

2. ውይይቱን ከበሽታ ሳይሆን ከገበሬው ጥቅም መጀመር። በእርከን ላይ የተተከለ የዝሆኔ ሣር መኖ ይሆናል፤ በጉድጓድ የተዘጋጀ ኮምፖስት የማዳበሪያ ወጪ ይቀንሳል፤ አፈሩ በማሳው ከቀረ ምርቱም ይቀራል።

3. ከዝናብ በኋላ ከተከለለና ካልተከለለ ምንጭ የተቀዳ ውሃ በሁለት ጠርሙስ አድርጎ ለሕዝቡ ማሳየት። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አለመሆኑን ግን አብሮ ማስረዳት ያስፈልጋል።

4. ምንጩ እንዲታጠር፣ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንዲቆፈር፣ ለከብት የተለየ መጠጫ እንዲዘጋጅና መጸዳጃ ቤት ከምንጩ በታች እንዲሠራ መምከር።

5. በምንጩ ግርጌ ያሉት ተጠቃሚዎች ከላይ ላለው ባለማሳ በጉልበት እንዲያግዙ ማግባባት። ደቦና ወንፈል ባለበት አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ማጠቃለያ

እርከን የውሃ ሕክምናን አይተካም፤ ክሎሪንና መጸዳጃ ቤት እንደ አስፈላጊነታቸው ይቀጥላሉ። ሆኖም ከላይ የቆመው አፈር ከታች ያለውን ክሎሪን ሥራውን እንዲሠራ ያደርገዋል። ስለዚህ በተደጋጋሚ በተቅማጥ የሚመጣ ሕፃን ሲገጥመው የጤና ባለሙያው “ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ?” ብሎ ከጠየቀ በኋላ “ከምንጩ በላይ የሚያርሰው ማን ነው?” የሚለውንም ይጨምር። ከዚያም ወደዚያ ገበሬ ማሳ ይሂድ።