«ነቀርሳ» የተባለ ሁሉ ካንሰር ነውን? ስለ ኤም አር አይ ምርመራ ልናውቀው የሚገባ

በዚህ እትም ስለ ኤም አር አይ ምርመራ እናወጋለን። ርዕሱን ያመጣው አንድ ትልቅ ፖስታ ነው።

መሐል ሜዳ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት እናት ደንበኛ ነበሩኝ። ራሳቸውን ያማቸዋል። መጀመሪያ ፓራሲታሞል ይገዙ ነበር፤ አልሻል ሲላቸው ዳይክሎፌናክ ጀመሩ። «የመንዝ ብርድ ነው ልጄ» ይሉኛል። ብርዱስ እውነት ነው። እኔም መድኃኒቱን ሰጥቼ እሸኛቸዋለሁ። ሕመሙ ጠዋት ጠዋት የሚብስ መሆኑን፣ ትውከትም እንዳለው አልጠየቅኋቸውም። ይህን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንድ ቀን የሱብሒን ሶላት ሰግደው ሲነሱ ግራ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ወደቁ።

በሞላሌና በጣርማበር አድርገው ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ ተወሰዱ። በጎች ተሸጡ፣ ጎረቤት አዋጣ፣ ኤም አር አይ ተነሡ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ተመልሰው መጡ። ልጃቸው መድኃኒት ቤት ገብቶ «ዶክተር» አለኝ (ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ማለት የአገሩ ወግ ነው)፤ «ካንሰር ነው ተብሏል። ማስታገሻ ብቻ ይስጡን፤ ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ።»

«ማነው ካንሰር ነው ያላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። ያረፉበት ቤት ያለ አንድ ተማሪ ወረቀቱን አንብቦላቸው ነው። ለሐኪሙ መልሰው አላሳዩትም። ፖስታውን አስመጥቼ ብመለከት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ዙሪያው እንደ ቀለበት የሚያበራ እባጭ እንዳለ፣ የቲቢ እባጭ ወይም ዕጢ ሊሆን እንደሚችል፣ ተጨማሪ ምርመራም እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ነበር። ተማሪው «ዕጢ» የሚለውን አይቶ «ወይም» የሚለውን ዘሎታል።

እስቲ ቋንቋችንን እንመልከት። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው። «የጡት ነቀርሳ» ስንል ግን ካንሰር ነው። አንድ ስም ለሁለት በሽታ ሰጥተናል። የሚገርመው አንጎል ውስጥ ሲገቡ በፊልም ላይም ሁለቱ የሚመሳሰሉበት ጊዜ መኖሩ ነው። ሕክምናቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንደኛው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ በሚሰጥ ኪኒን የሚድን ነው። ሌላኛው ቀዶ ሕክምናና የጨረር ሕክምና ይፈልጋል። እንግዲህ «ወይም» የምትለዋን ቃል መዝለል የሰው ሕይወት መዝለል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማሽኑ የሚያየው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ኤም አር አይ ጨረር ያለው ይመስለዋል። ጨረር ያላቸው ኤክስሬይና ሲቲ ስካን ናቸው። ኤም አር አይ የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። በስፋት የሚታወቀው ባለ 1.5 ቴስላ ማሽን ማግኔቱ ከምድራችን ማግኔት 30,000 ጊዜ ያህል ይበረታል። ሰውነታችን በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጅን አለ። ማግኔቱ እነዚህን የሃይድሮጅን ቅንጣቶች በአንድ አቅጣጫ ያሰልፋቸዋል። የሬዲዮ ሞገዱ ሰልፉን ያናጋል፤ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የሚሰጡትን ድምፅ አልባ ምልክት ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ሥዕል ያደርገዋል። የታመመ ሥጋ ከጤነኛው በተለየ ፍጥነት ወደ ቦታው ይመለሳል። ሬይመንድ ዳማዲያን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 ይህንኑ በአይጦች ዕጢ ላይ አሳየ። ከምልክቱ ሥዕል የማውጣቱን ዘዴ ያገኙት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ሥዕሉ እባጩ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን እንደነካ ይናገራል። ከምን እንደተሠራ ለመጠየቅ ግን በዚያው ማሽን የሚደረግ ሌላ ምርመራ አለ፤ ስፔክትሮስኮፒ ይባላል። ሬዲዮ ስንከፍት እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ቁጥር እንዳለው ሁሉ በሰውነት ውስጥ ያለ ኬሚካልም በየራሱ ቁጥር «ያሰማል»። ውጤቱ ሥዕል ሳይሆን ኮረብታና ሸለቆ የመሰለ መስመር ነው። ኮሊን የሚባለው ኬሚካል የሴል ግድግዳ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ስለሆነ ሴሎች እየተጣደፉ በሚባዙበት ካንሰር ውስጥ ኮረብታው ከፍ ይላል። ኤን ኤ ኤ የተባለው የጤነኛ ነርቭ ሴል ምልክት ነውና እባጩ ቦታውን ሲይዝበት ይወርዳል። የቲቢ እባጭ መሐሉ የሞተ ሥጋ ስለሆነ በብዛት የስብ ኮረብታ ይታይበታል፤ ኮሊኑ ግን ያን ያህል አይነሣም።

ይህ ማለት ግን ማሽኑ ፍርድ ይሰጣል ማለት አይደለም። ክፉ የአንጎል ካንሰርም መሐሉ ሲሞት ስብ ያሳያል። የቲቢ እባጭም አንዳንዴ ኮሊን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ሐኪሙ የደረት ኤክስሬይ፣ የደምና የኤች አይ ቪ ምርመራ፣ የሕመሙን ታሪክ ሁሉ ደምሮ ያያል። በአብዛኛው ካንሰር ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ከእባጩ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ናሙና ነው። ስፔክትሮስኮፒ በአነስተኛ ጉልበት ማሽን አጥጋቢ ውጤት እንደማይሰጥም እወቁ። ከታዘዘላችሁ መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ማዕከሉ ይሠራው እንደሆነ በስልክ ጠይቁ።

«ጡቴ ላይ እባጭ አገኘሁ፤ ኤም አር አይ ልነሣ?» የሚሉኝ እህቶች አሉ። በሬ ሸጦ ወደ ማሽኑ መሮጥ አያስፈልግም። የጡት እባጭ በሐኪም እጅ መታየት፣ ከዚያም አልትራሳውንድና የመርፌ ናሙና ይቀድመዋል። የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም ማሽን አይፈልግም፤ የኮምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ ተቀብቶ በዓይን የሚታይ ቀላል ምርመራ አለ። ኤም አር አይ እዚያ የሚመጣው በሽታው ከታወቀ በኋላ ምን ያህል እንደተስፋፋ ለመለካት ነው።

ወደ ማሽኑ ስትሄዱ

የሒጃብ ስፒል፣ ጌጣጌጥ፣ የብረት ቁልፍ ያለው ልብስ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ዓይን ላይ የተኳላችሁትን ኩል ታጠቡት፤ አንዳንዱ ብረታ ብረት አለበት። አንገት ላይ የታሰረ ክታብም ማቀፊያው ብረት ከሆነ ይወልቃል (ስለ ክታቡ ራሱ የሚናገር ሌላ አምድ አለንና እኔ አልገባበትም)። ልብ ውስጥ ማሽን የተቀበረለት፣ የአንጎል ደም ሥሩ በብረት የተቆነጠጠ፣ ብየዳ ሠርቶ ብረት ዓይኑ ውስጥ የገባበት፣ ጦር ሜዳ ቆስሎ ፍንጣሪ የቀረበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ይህ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ሉፕ ያደረጋችሁ እህቶችም ብትናገሩ መልካም ነው፤ የተለመደው የመዳብ ሉፕ ግን ምርመራውን አይከለክልም።

ምርመራው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ማሽኑ እንደ መዶሻ ይጮኻል፤ ጆሮ መድፈኛ ይሰጣችኋል። ዝም ብሎ መተኛት ግድ ስለሆነ ዚክራችሁን በልባችሁ አድርጉ። አንዳንዴ ጋዶሊኒየም የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰውና ነፍሰ ጡር ይህን ለሐኪሙ ሳይናገሩ መውሰድ የለባቸውም። በረመዳን ቀጠሮ የደረሰበት ሰው የመርፌውን ሑክም ዑለሞችን ይጠይቅ እንጂ «ከዒድ በኋላ ይሁን» ብሎ በራሱ አያዘግየው። ለበሽተኛም ለመንገደኛም የተሰጠ ፈቃድ አለ።

እንደ መድኃኒት ባለሙያ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ዴክሳሜታዞን የተባለው ኪኒን አንጎል ውስጥ በእባጩ ዙሪያ ያለውን እብጠት ስለሚቀንስ ራስ ምታቱን በቀናት ውስጥ ያስተወዋል። ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ በሽታው ግን እዚያው ነው። ከዚህም አልፎ ሊምፎማ የሚባለውን የአንጎል ካንሰር ለጊዜው አሳንሶ ናሙናውን ሊያሳስት ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሲወስዱት ቆይተው በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከማንም መድኃኒት ቤት አትግዙት፤ ከእኔም ቢሆን።

ወደ እናታችን ልመለስ። ልጃቸውን «ማስታገሻ ከመስጠቴ በፊት ይህን ፖስታ ወዳዘዘው ሐኪም መልሱት» አልኩት። አንገራገረ፤ ብሩ አልቋል። በመጨረሻ ተመለሱ። ስፔክትሮስኮፒ ተሠራ፤ የስብ ኮረብታ ታየ፤ ኮሊኑ ዝቅ ያለ ነበር። የደረት ኤክስሬያቸው ላይም የቆየ የቲቢ ጠባሳ ተገኘ። ሐኪሞቹ መክረው የቲቢ መድኃኒት አስጀመሯቸው። የአንጎል ቲቢ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እባጩ በፊልም ላይ ጭራሽ ሊያድግ እንደሚችል አስቀድሞ ስለተነገራቸው አልደነገጡም፤ ኪኒኑንም አላቋረጡም።

ሕክምናቸውን ሲጨርሱ ለተነሡት ፊልም የበፊቶቹን ሁለት ፊልሞች ይዘው ሄደው ነበር። አንባቢው ሐኪም ሦስቱን ጎን ለጎን አይቶ ከእባጩ የቀረው ትንሽ ጠባሳ መሆኑን ጻፈ። ፖስታው አሁን ቤታቸው ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ልጃቸው ሊጥለው ሲል «ምናልባት አንድ ቀን ሐኪም ቢጠይቀኝስ?» ብለው ከለከሉት።