76 ፒክሰል፦ የታብ ትንሹ ስፋት

የሚኒባስ ረዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሦስት ሰው ለተቀመጠበት ወንበር አራተኛ ይዞ ይመጣና «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። ሁለተኛው «ሞልቷል» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ የቀረው ሰው ሰልፉ ላይ ተራውን ይጠብቃል። (ሁለተኛውን ዓይነት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ ብል መዋሸት ይሆንብኛል።) የኢንተርኔት ብራውዘር የሚሠሩ ሰዎችም በአንድ ነገር ላይ ልክ እንደዚህ ለሁለት ተከፍለዋል። ነገሩ ታብ ነው፤ የክሮም አማርኛ ቅጂ «ትር» የሚለው፣ ከመስኮቱ አናት ላይ የሚደረደረው የገጽ ጆሮ።

ታብ ሲከፈት ቦታ ይፈልጋል። ጥቂት ሲሆኑ ሁሉም ዘና ብለው ይቀመጣሉ፤ ሲበዙ ይሸማቀቃሉ። ጥያቄው እስከ ምን ድረስ ይሸማቀቁ የሚለው ነው። «ከዚህ በታች አትጠብም» ተብሎ የሚቀመጠው ቁጥር ነው ትንሹ የታብ ስፋት። ታብ እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ መጥበቡን ያቆማል፤ ትርፉ ከመስመሩ ውጭ ይወጣና በቀስት ወይም በማውዝ ጎማ እየተገፋ የሚታይ ይሆናል።

ታብ ራሱ ከብራውዘር ጋር አብሮ አልተወለደም። ሞዚላ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 7ን ይዞ እስከመጣበት እስከ 2006 ድረስ አልቸኮለም። በዚያው ዓመት የወጣው የሞዚላ ፋየርፎክስ 2 ለእያንዳንዱ ታብ የራሱን የመዝጊያ ምልክት ሰጠው፤ ትንሹን ስፋትም 100 ፒክሰል አደረገው፤ የተረፈውን ወደ ጎን የሚያንሸራትት ቀስትም ጨመረ። በሩን የሚዘጋው ረዳት እሱ ነው። ክሮም በ2008 ሲመጣ ሌላውን መንገድ ያዘ፦ ጠጋ በሉ። ታቦቹ ርዕሳቸው እስኪጠፋ፣ የገጹ ትንሽ ምልክት ብቻ እስኪቀር ይጠባሉ፤ ከዚያም ካለፈ ምልክቱ ራሱ የሚቆምበት ያጣል።

የትኛው ይሻላል? እኔ ለፋየርፎክስ አደላለሁ፤ ግን የክሮም መንገድ ከንቱ አይደለም። ሁሉም ታብ ዓይን ፊት እንዳለ ይቆያል፤ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ታቡን የሚያስታውሰው በስሙ ሳይሆን በቦታው ነው፦ «ከግራ ሦስተኛው»። ተንሸራቶ የተደበቀ ታብ ግን እንደተዘጋ ይቆጠርና ያው ገጽ እንደገና ይከፈታል፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። በሌላ በኩል ስሙ የማይነበብ ታብ ሃያ ቢሆን ምን ይረባል?

ፋየርፎክስ ራሱም በ100 አልጸናም። በ2011 በወጣው ቁጥር 4 ላይ ተጠቃሚው ስፋቱን የሚቀይርበት ማስተካከያ ተነሣና ሰው ሁሉ የተሰጠውን ይዞ ቀረ። በ2017 መጨረሻ ኳንተም የተባለው አዲስ ፋየርፎክስ ሲወጣ ትንሹ ስፋት ወደ 76 ወረደ፤ ማስተካከያውም በዚያው ሰሞን ተመለሰ። ልዩነቱን ሒሳቡ ያሳያል። በብዙ ላፕቶፕ ላይ የምናገኘው ስክሪን ወርዱ 1366 ፒክሰል ነው። ለ100 ሲካፈል 13 ታብ፣ ለ76 ሲካፈል 17፣ ለ50 ሲካፈል 27 ይይዛል፤ የመስኮቱ መዝጊያና የመደመር ምልክቱ የሚወስዱት ሲቀነስ ከዚህ ትንሽ ያንሳል። 50 ወለሉ ነው፤ 20 ብለው ቢጽፉም ፋየርፎክስ 50 አድርጎ ያነበዋል።

ቁጥሩን ለመቀየር የአድራሻው ሳጥን ላይ «አባውት» ብለው፣ ሁለት ነጥብ አድርገው፣ «ኮንፊግ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ሳይለያዩ ይጻፉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ አይደንግጡ፣ ግን ሌላውን አይነካኩ። መፈለጊያው ላይ «ታብሚንዊድዝ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ላይ ሲጽፉ 76 የሚል መስመር ይወጣል። የሚፈልጉትን ቁጥር ያስገቡበት፤ ብራውዘሩን መዝጋትና መክፈት አያስፈልግም፣ ታቦቹ እዚያው ዓይንዎ እያየ ይሰፋሉ ወይም ይጠባሉ።

ስንት ይሁን የሚለው ግን በሚያነቡበት ቋንቋ ይወሰናል፤ ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። 76 ፒክሰል ሁሉ ለጽሑፍ አይውልም። የገጹ ምልክት 16 ይወስዳል፤ ግራና ቀኙ የሚተወው ክፍት ቦታም አለ። ለርዕሱ የሚቀረው ግማሽ ያህሉ ነው። የኛ ፊደል ደግሞ ሰፋ ያለ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ይገባል፤ ቀሪው እየደበዘዘ ይጠፋል። እንግዲህ የባንኩንም፣ የአየር መንገዱንም፣ የመብራቱንም፣ የእግር ኳሱንም ዜና በየታቡ የከፈተ ሰው የሚያየው ይህን ነው፦ የኢት፣ የኢት፣ የኢት፣ የኢት። አማርኛ ባለቤቱን አስቀድሞ ነገሩን ያስከትላል። «የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ» ሲባል የሚለየው ቃል የሚመጣው ከስድስት ፊደል በኋላ ነው፤ ጠባብ ታብ ደግሞ የሚቆርጠው ከኋላ ነው።

ስፋቱን 120 ቢያደርጉት «የኢትዮጵያ» የሚለው ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አይታይም። «ንግድ» የሚለው ብቅ እንዲል ወደ 160 መውጣት ያስፈልጋል፤ ያኔ በዚያው ስክሪን ላይ ስምንት ታብ ብቻ ይቀራል። ለእኔ ስምንት በቂ ነው፤ ከስምንት በላይ ገጽ ከፍቶ ሁሉንም አነባለሁ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ብዙ ታብ ሳይከፍት መሥራት የማይችል ደግሞ ከጎን ወደ ታች የሚደረደሩትን ይሞክር፤ የማይክሮሶፍቱ ኤጅ በ2021፣ ፋየርፎክስ በ2025 አምጥተውታል። በቁመት ሲደረደሩ ርዕስ እንደ ስም ዝርዝር ይነበባል፤ የትንሹ ስፋት ጭቅጭቅም የለም።

ድረ ገጽ የምትሠሩና ርዕስ የምታወጡ ሰዎች ግን አንድ ነገር አስቡልን። ታቡ ላይ የሚወጣውን ርዕስ «የኢትዮጵያ» ብላችሁ አትጀምሩት። «ንግድ ባንክ» በሉ፣ «መብራት» በሉ፣ «ዋልያዎቹ» በሉ። የማን እንደሆነ እናውቃለን።